ውኃ የሚያጠነፍፍ ደለል አፈርን በመስክ ላይ ለይቶ የመመደብ አሠራር፦ ከቆቦ ሜዳ እስከ ጨፋ

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ቆቦ የሚሄድ ሰው ሜዳው ላይ ሲደርስ በግራው የደጋውን ግድግዳ፣ በቀኙ የዞብልን ተራሮች ያያል። በሁለቱ መካከል የተኛው ሜዳ አፈሩ በአብዛኛው እዚያው ሥሩ ካለው ድንጋይ የተፈጠረ አይደለም፤ ጎሊና፣ ሆርማትና አላውሃን የመሳሰሉ ወንዞች ከምዕራቡ ደጋ ጠርገው ያወረዱት፣ ክረምት በመጣ ቁጥርም አንዱን በአንዱ ላይ የነባበሩት ደለል ነው። ስለዚህ አፈር በየቀበሌው ሲነገር የሚሰማው «ደለል ነው፣ ለም ነው» የሚል አጭር ቃል ነው። ማሽላ ለሚዘራ ሰው ይህ ቃል ይበቃው ይሆናል፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም ወይም ማንጎ ለመትከል ገንዘቡን ላፈሰሰ ሰው ግን አይበቃውም። አንድ ወንዝ ያወረደው ደለል አንዱ ማሳ ላይ ውኃን በቀላሉ የሚያጠነፍፍ፣ ሃምሳ እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ ውኃ አቁሮ ሥር የሚያበሰብስ ሊሆን ይችላል። የሚለያቸውም ገጹ ሳይሆን ውስጡ ነው።

ይህ መመሪያ ለልማት ሠራተኞች፣ ለግብርና ተማሪዎችና ማሳቸውን ራሳቸው መመርመር ለሚፈልጉ አርሶ አደሮች የተዘጋጀ ነው። ዶማ፣ አካፋ፣ ቢላዋ፣ ሜትር፣ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ጥቂት ሎሚና አንድ ባልዲ ውኃ ካለ አብዛኛው ሥራ በአንድ ቀን ተኩል ይጠናቀቃል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ የቃል ችግር መፍታት ያስፈልጋል። በአማርኛ «ደለል» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው ጎርፍ ወይም ወንዝ ያመጣውና ያስቀመጠው አፈር በሙሉ ነው፤ በዚህ ትርጉሙ አሸዋም፣ ጠጠርም፣ ሸክላም ደለል ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው በአሸዋና በሸክላ መካከል ያለው፣ ከ0.002 እስከ 0.05 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ የአፈር ቅንጣት ነው። የላቦራቶሪ ውጤት ላይ «ደለል 40 በመቶ» ተብሎ ሲጻፍ የሚነገረው ስለ ሁለተኛው ሲሆን፣ ይህን ሳይለዩ አፈሩ 40 በመቶ ብቻ ጎርፍ ያመጣው ነው ብለው የሚረዱ ባለሙያዎች አጋጥመውኛል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የመጀመሪያውን «ደለል አፈር»፣ ሁለተኛውን «የደለል ቅንጣት» እያልኩ እለያቸዋለሁ።

አንደኛ፦ ቦታና ጊዜ መምረጥ

ወንዝ ከገደል ወጥቶ ሜዳ ሲነካ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሸክሙንም በክብደት ቅደም ተከተል ያራግፋል። ድንጋይና ጠጠር ተራራው ሥር ይቀራሉ፣ አሸዋ ቀጥሎ ይወርዳል፣ የደለል ቅንጣት ራቅ ብሎ ይተኛል፣ ሸክላ ግን ውኃው ጸጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ተንሳፍፎ ይጓዛል። ስለዚህ ውኃ በደንብ የሚያጠነፍፈውና እርጥበትም የሚይዘው ደለል አፈር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከተራራው ሥርም ከሜዳው ዝቅተኛ ወለልም ሳይሆን በመካከል፣ በተለይም አሁን ባለው ወይም በቀድሞው የወንዝ ዳርቻ ከፍ ብሎ በሚታየው ዝርግ ጉብታ ላይ ነው።

የደለል ምድር ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ለማየት ወደ ደቡብ ወርዶ ከሐርቡ እስከ ከሚሴ የተዘረጋውን የጨፋን ሜዳ መመልከት ይበቃል። እርሱም ቦርከናና ሌሎች ወንዞች ያመጡት ደለል ነው፤ ሆኖም ሰፊው ክፍሉ ውኃ የሚተኛበት ረግረግ በመሆኑ ለከብት ግጦሽ እንጂ ለሽንኩርት አይሆንም።

ጉድጓዱን በኅዳር ወይም በታኅሣሥ፣ አዝመራው ከተነሣ በኋላ መቆፈር ይመረጣል። አፈሩ ጨርሶ ሳይደርቅ፣ ጭቃም ሳይሆን የንብርብሩ ቀለም ጎልቶ የሚታየው በዚህ ወቅት ነው። ከአጥር፣ ከመንገድ፣ ከጉንዳን ኩይሳና ከድሮ የጉድፍ መጣያ ቢያንስ 20 ሜትር ይራቁ። ማሳው የተለያየ መልክ ካለው፣ ማለትም አንዱ ጥግ ላይ ማሽላው በየዓመቱ አጭር ሆኖ የሚቀር ከሆነ፣ ለዚያ ጥግ ሌላ ጉድጓድ ያስፈልገዋል። ባለቤቱን ወይም በዕድሜ የገፉ ጎረቤትን «አያ፣ ጎርፉ የሚገባው በየት በኩል ነው? ወንዙስ ድሮ የት ይሄድ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ከማናቸውም ካርታ የሚቀድም መረጃ ይሰጣል።

ሁለተኛ፦ ጉድጓዱን መቆፈር

ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ በአንደኛው ጫፍ መውረጃ ደረጃ ይተውለታል። የሚነበበው ግድግዳ በሥራው ሰዓት ፀሐይ የሚያገኘው ጠባቡ ጫፍ ይሁን፤ በእርሱ አናት ላይ አፈር አይከመር፣ ሰውም አይቁም። የላይኛውን የእርሻ አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛውን በሌላ ወገን ለይተው ይከምሩ። አሸዋ የበዛበት ደለል ያለ ማስጠንቀቂያ ስለሚናድ፣ ከ1 ሜትር በኋላ ግድግዳው መፍረክረክ ከጀመረ ጎኖቹን በሰያፍ አስፍቶ መቆፈር ግዴታ ነው፤ ብቻውን ሆኖም ማንም ወደ ውስጥ አይውረድ። ሥራው ካደረ ጉድጓዱ በእሾህ ይታጠር።

ሦስተኛ፦ ግድግዳውን ማንበብ

ከሥራው ሁሉ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። አካፋው የለሰነውን ገጽ በቢላዋ ጫፍ ከላይ ወደ ታች እየፈለቀቁ ያጽዱ፤ ሜትሩን በምስማር ሰቅለው ከላይ ወደ ታች ያንጠልጥሉ። ቀለም፣ ጥንካሬ ወይም የቅንጣት ስፋት የሚቀየርበትን ቦታ ሁሉ በቢላዋ መስመር ይስመሩበትና ጥልቀቱን ይመዝግቡ።

በደለል አፈር የሚጠበቀው መልክ ጎርፎች የጻፉት ንብርብር ነው፤ 20 ሴንቲሜትር ቡናማ ለስላሳ አፈር፣ ከሥሩ እንደ ጣት የቀጠነ የአሸዋ መስመር፣ ከዚያ ዳግመኛ ለስላሳ፣ ቀጥሎ ክብ ክብ ጠጠሮች። ጠጠሮቹ ጠርዛቸው የተሟለጨ መሆኑ በውኃ ተንከባለው መምጣታቸውን ይናገራል፤ ጠርዛቸው ስለት ከሆነ ግን ከቅርብ ቁልቁለት የተንሸራተቱ ናቸው። በ70 ወይም በ90 ሴንቲሜትር ላይ በድንገት ጠቆር ያለ፣ የሥር ቅሪት፣ የከሰል ፍርፋሪ ወይም የሸክላ ዕቃ ስባሪ ያለበት ንብርብር ከተገኘ፣ እርሱ በአንድ ትልቅ ጎርፍ የተቀበረ የቀድሞ እርሻ ወይም የሣር ገጽ ሊሆን ይችላል። በሌላ አፈር ላይ የበሰበሰ የዕፅዋት ቅሪት ወደ ታች በወረዱ ቁጥር በሥርዓት እየቀነሰ ይሄዳል፤ በደለል ግን አንዴ ይቀንሳል፣ አንዴ ይጨምራል። ይህ ያልተስተካከለ አወራረድ በኋላ ስንመድብ ዋናው ማስረጃችን ስለሚሆን በጥንቃቄ ይመዝገብ።

ስለ ንብርብር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፤ እኔም ተሳስቼበታለሁ። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት የላይኛውን 30 ሴንቲሜትር ብቻ አይቼ፣ በእጄም አሽቼ፣ አንድን ማሳ ለሽንኩርት የተመቸ ነው ብዬ ነበር። በ55 ሴንቲሜትር ላይ የአንድ መዳፍ ውፍረት ያለው ሸክላ እንደ ድስት ክዳን ተዘርግቶ እንደነበር ያወቅሁት አዝመራው ከበሰበሰ በኋላ ነው። ውኃው በላይኛው ለስላሳ አፈር ውስጥ በፍጥነት ወርዶ ሸክላው ላይ ሲደርስ ቆሟል፤ ገጹ ደረቅ እየመሰለ ሥሩ ውኃ ውስጥ ነበር። ገበሬው ያጣውን የአንድ ወቅት ድካም አልረሳውም፤ ከዚያ ወዲህ ሳልቆፍር ስለ ደለል አፈር ምክር ሰጥቼ አላውቅም።

ከዚህም ይልቅ የሚያስገርመው ተቃራኒው ነው። ከላይ ለስላሳ ደለል፣ ከሥሩ ሻካራ አሸዋ ወይም ጠጠር ካለ፣ አሸዋው ውኃውን ስቦ የሚያወርደው ይመስላል፤ እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ለስላሳው አፈር ውኃን በጠባብ ቀዳዳዎቹ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ወደ አሸዋው ሰፋፊ ቀዳዳዎች የሚለቀው ራሱ ሊሞላ ሲቃረብ ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ማሳ ከሚጠበቀው በላይ እርጥበት ይይዛል። ዝናብ ቶሎ በሚቋረጥበት ዓመት ይህ ለማሽላ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በየሦስት ቀኑ ለሚጠጣ ሽንኩርት ግን አደጋ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም «ከሥሩ አሸዋ ስላለ ያጠነፍፋል» ብሎ መደምደም አይገባም፤ በአምስተኛው ደረጃ በውኃ ይፈተናል።

የእርሻ ንጣፉን ታችኛ ወሰንም ይመርምሩ። በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት የሚያልፈው ማረሻ በ15 ሴንቲሜትር አካባቢ ጠጣር ንጣፍ ሊሠራ ይችላል። ቢላዋው ከላይ በቀላሉ ገብቶ በዚያ ቦታ ከተቋቋመና ቀጫጭን ሥሮች ወደ ጎን ከታጠፉ፣ ችግሩ ከጎርፉ ሳይሆን ከእርሻው የመጣ ነው፤ ስለዚህ በአፈሩ ባሕርይ ላይ አይቆጠርም።

አራተኛ፦ የቅንጣት ስብጥርን መለየት

ከእያንዳንዱ ንብርብር አንድ እፍኝ አፈር ያንሡ፤ አነሣሡ ከታች ወደ ላይ ይሁን፤ አለዚያ የላይኛው እየፈረሰ የታችኛውን ናሙና ያበላሸዋል። አፈሩን በጥቂት ውኃ እንደ ሊጥ ለውሰው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፉ እንደ ጥብጣብ ያውጡት። ጥብጣቡ 2.5 ሴንቲሜትር ሳይሞላ ከተቆረጠ ሸክላው ጥቂት ነው፤ ከ2.5 እስከ 5 ከደረሰ መካከለኛ ነው፤ ከ5 ካለፈ አፈሩ ሸክላማ ነው። ቀጥሎ መዳፍ ላይ ውኃ ጨምረው ያሹት፤ የሚቆረቁር ከሆነ አሸዋ፣ እንደ ዱቄት የሚንሸራተት ከሆነ የደለል ቅንጣት፣ የሚጣበቅ ከሆነ ሸክላ በዝቶበታል።

መጠኑን በቁጥር ለማግኘት የሃይላንድ ጠርሙሱን አንድ ሦስተኛ በተፈጨና በተነፋ አፈር ሞልተው ውኃ ይጨምሩበት፤ አንድ ማንኪያ የልብስ ሳሙና ዱቄት ጨምረው ቢያንስ ለ5 ደቂቃ አጥብቀው ይናጡትና ሳይነቃነቅ ያስቀምጡት። በ1 ደቂቃ ውስጥ የተዘቀጠው አሸዋ ነው፤ ከፍታውን በጠርሙሱ ላይ ያስምሩ። በ2 ሰዓት ውስጥ በላዩ የተኛው የደለል ቅንጣት ነው። ሸክላው ለመዝቀጥ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይፈልጋል። የእያንዳንዱን ውፍረት ለጠቅላላው አካፍለው በ100 ሲያባዙት በመቶኛ ያገኙታል። ሸክላው ከ7 እስከ 27፣ የደለል ቅንጣቱ ከ28 እስከ 50፣ አሸዋውም ከ52 በመቶ ያልበለጠ ከሆነ፣ አፈሩ ባለሙያዎች ሎም የሚሉት ሚዛናዊ አፈር ነው። እንዲህ ያለ አፈር በ1 ሜትር ጥልቀት ከ100 እስከ 175 ሚሊሜትር ለተክል የሚሆን ውኃ ይይዛል፤ አሸዋማው ከ25 እስከ 100 ብቻ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የመስኖ ተራ በየስንት ቀኑ መምጣት እንዳለበት ይወስናል።

አምስተኛ፦ ውኃ መጠንፈፉን ማረጋገጥ

በመጀመሪያ ዓይን ይመስክር። አየር በሚገባበት አፈር ውስጥ ያለው ብረት ዝገት ስለሚይዝ፣ አፈሩ ወጥ የሆነ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም ይኖረዋል። ውኃ ለረጅም ጊዜ በሚተኛበት ንብርብር ግን ግራጫ መደብ ላይ የዝገት ቀለም ያላቸው ዝንጉርጉር ነጠብጣቦች ይታያሉ። እነዚህ ነጠብጣቦች እስከ 1 ሜትር ድረስ ካልታዩ አፈሩ በደንብ የሚያጠነፍፍ ነው፤ ከ50 እስከ 100 ሴንቲሜትር ባለው ውስጥ ከጀመሩ መካከለኛ ነው፤ ከ50 ሴንቲሜትር በላይ፣ ወደ ገጹ ቀርበው ከታዩ ግን ለሥራ ሥር አትክልትና ለፍራፍሬ አይመከርም።

በወሎ ቆላ ሁለት ማሳሳቻዎች አሉ። ደጋው በአብዛኛው የባዛልት ድንጋይ በመሆኑ ከእርሱ የመጣው ደለል በተፈጥሮው ጠቆር ይላል፤ ይህ ጥቁረት ብቻውን የውኃ መተኛት ምልክት አይደለም። እንዲሁም ግማሽ የበሰበሱ የድንጋይ ስባሪዎች ቢጫና ቀይ ሆነው ነጠብጣብ ይመስላሉ፤ በጥፍር ሲሰበሩ ቀለሙ የድንጋዩ የራሱ ሆኖ ከተገኘ በነጠብጣብነት አይቆጠርም።

ቀጥሎ ውኃው ይመስክር። ከጉድጓዱ ራቅ ብለው 30 ሴንቲሜትር ስፋትና 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ትንሽ ጉድጓድ ይቆፍሩ፤ በውኃ ሞልተው ማታውን እንዲጠጣ ይተዉት። ጠዋት ዳግመኛ ሞልተው፣ ምልክት የተደረገበት ዘንግ አቁመው በየሰዓቱ የወረደውን ይለኩ። በሰዓት ከ2.5 እስከ 7.5 ሴንቲሜትር ከወረደ ለአብዛኛው አትክልት ይመቻል፤ ከ2.5 ካነሰ ያቁራል፤ ከ10 ከበለጠ ውኃም ማዳበሪያም ይዞ ይሰምጣል። ይህንኑ ፈተና በ60 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ መድገም አለብን፤ ሽንኩርቱን ያበሰበሰብኝን ዓይነት የተደበቀ ሸክላ የሚያጋልጠው ሁለተኛው ፈተና ነው። ውኃው ወደ ጎንም ስለሚሠርግ ቁጥሩ ለማወዳደሪያ እንጂ ለቦይ ንድፍ አያገለግልም።

ስድስተኛ፦ ኖራ፣ ጨውና ንጥረ ነገር

ከባዛልት የመጣ ደለል ብዙውን ጊዜ ካልሲየምና ማግኒዢየም አያጣም። ደረቅ እፍኝ አፈር ላይ ሎሚ ይጭመቁ፤ ከተፍለቀለቀና ድምፅ ካሰማ ኖራ በብዛት አለበት ማለት ነው፤ ዝም ማለቱ ግን ሎሚ ደካማ አሲድ ስለሆነ ኖራ የለም አያሰኝም። በደረቅ ወቅት ቦዩ ዳር ወይም የቦይ ጉብታ ላይ ነጭ አመዳይ የመሰለ ነገር ከታየ ጨው ነው፤ በላቦራቶሪ የተለካው የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅም በሜትር 4 ዴሲሲመንስ ከደረሰ አፈሩ ጨዋማ ይባላል። በደንብ የሚያጠነፍፍ ደለል ጨውን ወደ ታች ስለሚያጥብ ይህ ችግር እምብዛም አይገጥመውም፤ በጥልቅ ጉድጓድ ውኃ በሚለማ ማሳ ግን በየዓመቱ መፈተሽ ይገባዋል።

ለንጥረ ነገር ምርመራ ማሳውን በዚግዛግ እየተጓዙ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ ከ0 እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት አፈር ይሰብስቡ፤ ቀላቅለው 1 ኪሎ ያህሉን በጥላ ሥር አድርቀው ወደ ደሴ የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ይላኩ። በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው አገር አቀፍ የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ በብዙ ወረዳዎች ከናይትሮጅንና ከፎስፎረስ ሌላ የድኝ፣ የቦሮንና የዚንክ እጥረት ማሳየቱን ስናስታውስ፣ «ዳፕና ዩሪያ ይበቃል» የሚለው የቆየ ልማድ በግምት የሚቀጥልበት ምክንያት የለም።

ሰባተኛ፦ ስም መስጠት

በዓለም አቀፉ የአፈር ምደባ ሥርዓት 32 ዋና ዋና የአፈር ቡድኖች አሉ፤ ደለል አፈር ፍሉቪሶል ይባላል፤ ስሙም ወንዝ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ምደባው በማጣራት የሚሄድ ሲሆን ፍሉቪሶል ተራው የሚደርሰው ወደ መጨረሻው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሌሎቹን ማስወገድ ያስፈልጋል። ሸክላው 30 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ በበጋ በጥልቀት የሚሰነጠቅና ውስጡ እንደ ተወለወለ የሚያብረቀርቅ ገጽ ያለው ከሆነ ቨርቲሶል፣ ማለትም ዋልካ ነው፤ ወንዝ ያመጣው መሆኑ ስሙን አይለውጠውም። ግራጫ ሆኖ ከገጹ አቅራቢያ ጀምሮ ውኃ የተኛበት ከሆነ ግሌይሶል ነው። ንብርብሩ በጊዜ ብዛት ጠፍቶ አፈሩ ቋጥሮ፣ የራሱን ጓልና ቀለም ካበጀ ወደ ካምቢሶል አልፏል፤ ጎርፍ ከተቋረጠባቸው ብዙ ዓመታት ያለፋቸው ከፍ ያሉ የወንዝ እርከኖች ወደዚህ ያዘነብላሉ።

እነዚህ ሁሉ ካልሆኑና የጎርፍ ንብርብሩ ከገጹ 25 ሴንቲሜትር ሳያልፍ ጀምሮ ቢያንስ 25 ሴንቲሜትር ውፍረት ካለው፣ አፈሩ ፍሉቪሶል ነው። ማረሻ የላይኛውን ንብርብር አደባልቆ ካጠፋው፣ ከእርሻ ንጣፉ ሥር ጀምሮ እስከ 50 ሴንቲሜትር መታየቱ ይበቃል። ከዚያም ቅጽል ይጨመርለታል፦ በንጥረ ነገር የበለጸገው ዩትሪክ፣ ኖራ ያለበት ካልካሪክ፣ ጠጠር የበዛበት ስኬለቲክ፣ አሸዋማው አሬኒክ፣ ሚዛናዊው ሎሚክ ይባላል። «ዩትሪክ ፍሉቪሶል፣ ሎሚክ» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢው በቆቦ የሚፈለገውን ዓይነት አፈር ወዲያው ይረዳል።

በአሜሪካኑ ሥርዓት ደግሞ ይህ አፈር ኤንቲሶል በሚባለው ትልቅ ምድብ ውስጥ ፍሉቬንት ነው፤ ቁልቁለቱ ከ25 በመቶ ያነሰ፣ ከበሰበሰ የዕፅዋት ቅሪት የሚገኘው የካርቦን መጠኑም በጥልቀት ያልተስተካከለ ወይም በ125 ሴንቲሜትር ላይ 0.2 በመቶና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። በክረምት ረጥቦ በበጋ የሚደርቀው የወሎ ቆላ ብዙውን ጊዜ ኡስቲፍሉቬንት ላይ ያርፋል።

ስምንተኛ፦ ከስሙ በኋላ

ፍሉቪሶል ሎሚክ ሆኖ የተገኘ ማሳ ላይ ዩሪያ በአንድ ጊዜ አይጨመር፤ ውኃው በሚወርድበት ፍጥነት ናይትሮጅኑም ስለሚወርድ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጥ። መስኖውም በዛ ብሎ በረጅም ቀን ልዩነት ከሚሆን አነስ ብሎ ቶሎ ቶሎ ይሁን። ሸክላ የተደበቀበት ማሳ ለማሽላ ይተው፤ አትክልት የግድ ከሆነ በከፍተኛ መደብ ላይ ይተከል። ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳ የሚያስገባ ገበሬ የመጀመሪያውን ድንጋይና ሻካራ አሸዋ የሚያንከባልል ውኃ አሳልፎ፣ ቀለሙ እንደ ሻይ በወተት ሲሆን ቢያስገባ ለስላሳውን ደለል ያተርፋል።

ሥራው ሲያልቅ ጉድጓዱ የተቆፈረበትን ቅደም ተከተል ገልብጠው ይድፈኑት፤ የታችኛው አፈር በታች፣ የእርሻው አፈር በላይ ይመለስ፤ በየ30 ሴንቲሜትሩም ይረገጥ። በመዝገቡ ላይ የቀበሌው ስም፣ ቀኑ፣ የእያንዳንዱ ንብርብር ጥልቀትና መጨረሻ ጎርፍ የገባበት ዓመት ይጻፍ። ትልቅ ጎርፍ ከገባ ግን ማሳው ላይ አዲስ ንብርብር ተጨምሯልና የላይኛው 50 ሴንቲሜትር እንደገና ተቆፍሮ ይታይ።